ሥላሴን የፈጠረው ንጉሥ ነው?

(በጅማ ከተማ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ! ይህን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጅማ ክረምት ሰውን ከቤት አያስወጣም፤ አዳራሹ እንዲህ ይሞላል ብዬ አልጠበቅሁም።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ካህን አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም። ምሥጢረ ሥላሴን ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ ለዚያ የኔታዎች አሉ። የመጣሁት ክርስቲያኖች ይህን እምነት በየዘመኑ እንዴት ይዘውት እንደኖሩ ልነግራችሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

ርእሱን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። በየስልካችሁ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። «ሥላሴ የሚባለው ነገር በ325 የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በድምፅ ብልጫ ያስወሰነው ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም» ይላል። ጅማ ላደገ ክርስቲያን ስለ ሥላሴ መጠየቅ ብርቅ አይደለም። ከሙስሊም ጓደኛው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የተማረ ልጅ «እናንተ ሦስት አምላክ ነው እንዴ የምታመልኩት?» ሳይባል አላደገም። ያ የጎረቤት ጥያቄ ነው፤ በቅንነት ይጠየቃል፣ በቅንነት ይመለሳል። የስልኩ ወሬ ግን ሌላ ነው። «እንዲህ ሆነ» ብሎ ታሪክ ያወራል። እንግዲያው በታሪክ እንየው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወሬው የሚጠራው የ325 ጉባኤ የተደረገው ኒቅያ በምትባል ከተማ ነው። ከኒቅያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል አብዛኞቹ የሮም ነገሥታት ይህን እምነት ለማለዘብ፣ ሲብስም ለማጥፋት ነበር የሚታገሉት። አጥብቆ የያዘው ምእመኑ ነው። የያዘውም ሲጸልይ፣ ሲያጠምቅ፣ ሲዘምር በኖረበት ልማድ ነው። ሊቃውንቱ ቃላቱን ያበጁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከኒቅያ 200 ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንሂድ። በ112 ገደማ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ሹም ቢታንያ የሚባለውን አገር ያስተዳድራል። ዛሬ የሰሜን ቱርክ ክፍል ነው። ክርስቲያኖች ተከሰው ይመጡበታል። ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ ሁለት ሴቶች አገልጋዮችን ያስገርፋል፤ ዲያቆናዊት የሚባሉ ነበሩ። ከዚያ ለንጉሡ ለትራጃን ደብዳቤ ይጽፋል። ክርስቲያኖቹ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስም እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህን የጻፈው ወዳጅ አይደለም። እየገረፈ የሚመረምር ሹም ነው። ለቆስጠንጢኖስ ብሎ ሊጽፍ አይችልም፤ ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም።

ዲዳኬ የሚባል ከዚያው ዘመን የደረሰን ትንሽ ጽሑፍ አለ። ስለ ጥምቀት የሚሰጠው መመሪያ ደስ ይለኛል፤ የሰፈር ሰው ለሰፈር ሰው የጻፈው ይመስላል። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም በወራጅ ውኃ አጥምቁ ይላል። ወራጅ ውኃ ከሌለ በሌላ ውኃ። በቀዝቃዛ ካልቻላችሁ በሙቅ። ሁለቱም ከሌለ ራሱ ላይ ሦስት ጊዜ አፍስሱ። አዩ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ባሕርይ አንድነት አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም። የሚያስጨንቀው ውኃው ነው። ሦስቱ ስሞች ግን ክርክር ሳይነሣባቸው እዚያው ተቀምጠዋል። «ሥላሴ የሚለው ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» ለሚሉት የማቴዎስ 28፥19ን ጥምቀት እንዲያነቡ እነግራቸዋለሁ። ጥምቀቱ ከቃሉ ይቀድማል።

ቃሉ ራሱም ቢሆን ከኒቅያ በፊት አለ። የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ በ180 ገደማ በግሪክኛ «ሦስትነት» የሚል ቃል ስለ እግዚአብሔር ተጠቅሟል። በካርታጎ የነበረው ጠርጡልያኖስ ደግሞ በ213 አካባቢ በላቲን «አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካላት» የሚለውን አነጋገር አበጅቷል። ፀሐይንና ጨረሯን፣ ምንጭንና ወንዙን እየጠቀሰ ያስረዳል። የኔታ ልጅ ሳለን ክበቡን፣ ብርሃኑን፣ ሙቀቱን እያሉ ያስተማሩን የፀሐይ ምሳሌ ሥሩ ሩቅ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ኋላ በተወሰነው አነጋገር ይናገር ነበር ግን አልልም። አይደለም። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰባልዮስ አንዱ እግዚአብሔር ስም እየለዋወጠ አንዴ አብ፣ አንዴ ወልድ፣ አንዴ መንፈስ ቅዱስ ሆኖ ይገለጣል ብሎ ተወገዘ። ከጥንቶቹ ትልልቅ መምህራን መካከልም ኋላ ቢመረመሩ የሚሰናከሉ ነበሩ። ሰዉ ጸሎቱን ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚያስረዳው ግን ገና እየፈለገ ነው።

አርዮስ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የአርዮስን አሟሟት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሌላው ቢረሳ እሱ አይረሳም። አኗኗሩ ግን ብዙ አይነገርም። በእስክንድርያ የታወቀ ቄስ ነበር። ጾመኛ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ምእመናን የሚወዱት ሰው። የእግዚአብሔርን አንድነት ልጠብቅ ብሎ ነው የተነሣው። በ318 ገደማ «ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» ማለት ጀመረ። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የበለጠ ነው፣ ግን ፍጡር ነው። ትምህርቱን በዜማ አድርጎ ለመርከበኛው፣ ለወፍጮ ሠራተኛው፣ ለመንገደኛው አሠራጨው። ዘፈን የት እንደሚደርስ ገብቶታል። ዛሬ ቢኖር አካውንቱ ብዙ ተከታይ ነበረው።

መልሱ ከባድ ፍልስፍና አልነበረም። ዋናውን መልስ ደጋግሞ የሰጠው ኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስ ነው። ወልድ ፍጡር ከሆነ እስከ ዛሬ ስንሰግድ የኖርነው ለፍጡር ነው ማለት ነው። የተጠመቅነውም በፈጣሪና በፍጡር ስም አንድ ላይ ነው። ፍጡር ደግሞ ፍጡርን ከፈጣሪው ጋር ሊያገናኝ አይችልም። ይህን መልስ ወፍጮ ቤት ያለውም ሰው ይረዳዋል፤ ስለ ራሱ ጥምቀት ነውና።

ቆስጠንጢኖስ መጀመሪያ ምን አለ? በ324 ለሊቀ ጳጳሱ ለእለእስክንድሮስና ለአርዮስ አንድ ላይ ደብዳቤ ላከ። በጥቅሉ የምትጣሉበት ነገር ኢምንት ነው፣ ታረቁና ሰላም ስጡኝ የሚል ነው። ሥላሴን ፈጠረ የሚባለው ሰው የጻፈው ይህን ነው! ግዛቱ እንዳይከፈልበት ነበር ጭንቀቱ። አልታረቁም። በ325 ጳጳሳቱን ኒቅያ ሰበሰበ። በእኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318ቱ ናቸው። ከመካከላቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበረው ስደት የቆሰሉ ነበሩ። ግብጻዊው በፍኑትዮስ አንድ ዓይኑ የወጣ፣ የኒዮቂሣርያው ጳውሎስ እጆቹ በጋለ ብረት የተቃጠሉ እንደነበሩ ይተረካል። ለሮም ንጉሥ ሲል እምነቱን የሚያጥፍ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቆሰለ ነበር። ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ወሰኑ። ከአርዮስ ጋር እስከ መጨረሻው የጸኑት ሁለት ጳጳሳት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከሊቢያ።

በርግጥ ንጉሡ ጉባኤውን ጠርቷል፣ ወጪውን ችሏል፣ እንቢ ያሉትን ወደ ግዞት ልኳል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የስልኩ ወሬ ግን እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ታሪክ ከዚህ በኋላ ነው።

ቆስጠንጢኖስ ጥቂት ቆይቶ አርዮስን ከግዞት መለሰው። በ335 አትናቴዎስን ወደ ሩቅ ምዕራብ አጋዘው፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለው ትሪር። በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀው የአርዮስ ወዳጅ የነበረው የኒቆምድያው አውሳብዮስ ነው። ልጁ ቆንስታንትዮስ ደግሞ ባሰ። በግልጽ ለአርዮስ ወገኖች አደላ። አትናቴዎስ በ45 ዓመት የሊቀ ጳጳስነት ዘመኑ በአራት ነገሥታት አምስት ጊዜ ተሰደደ። 17 ዓመት ያህል በስደት ነው ያለፈው። በ359 ምዕራባውያን ጳጳሳት ጣልያን ውስጥ አርሚኖ ላይ ተሰብስበው፣ ተጨንቀው፣ ደክመው የተለሳለሰ ጽሑፍ ፈረሙ። የላቲኑ ሊቅ ሄሮኒሞስ ኋላ ሲጽፍ ዓለም ሁሉ አቃሰተ፤ ራሱን አርዮሳዊ ሆኖ ቢያገኘው ተደነቀ ብሏል። እንግዲህ «ንጉሥ የጫነው እምነት» የቱ ነው?

አንዲት ሌሊት ላሳያችሁ። የካቲት ነው፣ 356። እስክንድርያ ውስጥ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በጸሎት ያድራል። በበነጋው ቅዳሴ አለ። የንጉሥ ወታደሮች በሰይፍና በቀስት ዙሪያውን ከበቡ። አትናቴዎስ ወንበሩ ላይ ነው። አልሸሸም። ዲያቆኑን መዝሙር አንብብ አለው፤ ሕዝቡ እየተቀበለ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ይላል። እናንተም የምታውቁት መዝሙር ነው። በሩ ተሰበረ። ሰው ተረጋገጠ፣ የሞተም ነበር። አትናቴዎስ ሕዝቡ ሳይወጣ አልወጣም ብሎ ቆየ። መጨረሻ ላይ መነኮሳቱ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወደ ግብጽ በረሃ ገባ፣ ዓመታት ተሸሸገ። የንጉሥ ሰዎች ፈልገው አጡት። መነኮሳቱ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፉ ደበቁት።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በዚያው ሰሞን ቆንስታንትዮስ ደብዳቤ ጻፈ። ለማን? ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና። «የተከበራችሁ ወንድሞች» እያለ። ፍሬምናጦስን ወደ ግብጽ ላኩልኝ፣ እስክንድርያ ላይ በተሾመው በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር ይላል። ይህ ፈረስ ላይ ያለው ጊዮርጊስ አይደለም፤ እንዳታደናግሩ። አርዮሳውያን በአትናቴዎስ ወንበር ያስቀመጡት ሌላ ሰው ነው። ፍሬምናጦስ ደግሞ የእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው፤ የሾማቸው አትናቴዎስ ራሱ ነው። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆየልን አትናቴዎስ ነው፤ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶታል። የዓለም ትልቁ ንጉሥ የአክሱምን ጳጳስ እምነት ልለውጥ ብሎ ደብዳቤ ሲልክ አስቡት። ኒቅያን የሚቃወመው ንጉሥ እጁን እስከዚህ ድረስ ዘርግቶ ነበር።

የሆነውን ከምናመልከው እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴዎቿ አንዱን በአትናቴዎስ፣ አንዱን በሠለስቱ ምዕት ስም ትጠራለች። አክሱም ላይ ደግሞ የኢዛና ድንጋይ አለ። በግእዝ የተጻፈው «የሰማይ ጌታ» እያለ ነው የሚናገረው፤ አንዳንዶች ይህን አይተው ኢዛና ስለ ሥላሴ አያውቅም ብለው ነበር። ባለፈው መቶ ዓመት የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ግን በእግዚአብሔር እምነትና በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ብሎ ይጀምራል። እሺ፣ ኢዛናም ንጉሥ ነው፤ ሳቁብኝ። ግን ከሮም ንጉሥ ፍላጎት ጋር የማይሄድ ንጉሥ ነው።

ወደ ባስልዮስ ልለፍ። እሱንም በቅዳሴው ታውቁታላችሁ። በ374 ገደማ ቂሣርያ ላይ ሲያመሰግን «ለአብ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ክብር ይሁን» ይላል። አንዳንዶች ተቆጡ። ይህ አዲስ ነገር ነው፣ መንፈስ ቅዱስን እኩል አደረግኸው አሉት። ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ መጽሐፍ ጻፈ። ከመልሶቹ አንዱ ይገርመኛል። ማታ ማታ መብራት ሲበራ ሕዝቡ የሚዘምረውን አሮጌ መዝሙር ጠቀሰ። ማን እንደደረሰው አናውቅም ይላል፤ ሕዝቡ ግን ከጥንት ጀምሮ «አብን ወልድን የእግዚአብሔርንም መንፈስ ቅዱስ እናመሰግናለን» እያለ ይዘምራል። ሊቁ ሲከራከር እናቶች ኩራዝ ሲያበሩ የሚሉትን ምስክር አድርጎ ቆጠረው።

ሕዝቡ ሁልጊዜ በዜማ ብቻ ነበር የሚናገረው ማለት አይደለም። የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ቁስጥንጥንያ ሲሄድ ተማርሯል። ገንዘብ ዘርዝርልኝ ብትለው ስለ ተወለደውና ስላልተወለደው ይፈላሰፍብሃል። ዳቦ ስንት ነው ብትል «አብ ይበልጣል ወልድ ያንሳል» ይልሃል። ውኃው ሞቋል ወይ ብለህ መታጠቢያ ቤት ብትጠይቅ «ወልድ ካለመኖር ተፈጠረ» ይልሃል። ሄርማታ ገበያ ገብታችሁ የቡና ዋጋ ስትጠይቁ እንዲህ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ በበኩሌ ቡናዬን ትቼ እወጣለሁ።

በ380 ቴዎዶስዮስ የኒቅያን እምነት የመንግሥት ሕግ አደረገው። ይህም መነገር አለበት። በዚህ ጊዜ የንጉሥ እጅ በዚህኛው ወገን ገባ፣ ሌሎቹ ተገፉ። እኔ ይህን አልወደውም። ግን ቀድሞ የነበረውን ነው ሕግ ያደረገው። በ381 ቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ጳጳሳት ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲጽፉ የመረጡት አነጋገር የሚገርም ነው። ስለ ወልድ «ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ» ተብሎ ነበር። ስለ መንፈስ ቅዱስ ግን ያንን አልደገሙትም። ዕለት ዕለት በጸሎተ ሃይማኖት የምትሉትን ተናገሩ፦ «ንስግድ ሎቱ ወንሰብሖ ምስለ አብ ወወልድ»። እንሰግድለታለን፣ እናመሰግነዋለን፣ ከአብና ከወልድ ጋር። ዶግማውን በስግደት ነገሩን።

የኋለኛውን በፍጥነት ልለፈው። ምዕራባውያን «ከአብና ከወልድ የሚሠርጽ» ብለው ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ጨመሩ፤ ሮምም በ1014 ተቀበለችው፤ ምሥራቁ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ሉተርና ካልቪን ብዙ ነገር ሲለውጡ ሥላሴን አልነኩም፤ ለዚህ ነው የጅማ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወት በዚህ ላይ አንድ የሆኑት። ሥላሴን የካደው ሰርቬተስ በ1553 ጄኔቫ ላይ በእሳት ተቃጠለ። አሳፋሪ ነው፤ የእምነት መከላከያ አይባልም። በዘመናችን ሥላሴን የማይቀበሉት፣ «ኦንሊ ጂሰስ» የምትሏቸው ወገኖች መነሻ በ1913 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የጴንጤቆስጤ ስብሰባ ላይ ነው፤ በ1916 ከሌሎቹ ጴንጤቆስጤዎች ተለያዩ። ክርክራቸው የጀመረው ከጥምቀት ስም ነው። ይህም አይገርመኝም። የዚህ እምነት ክርክር ሁልጊዜ ዞሮ ዞሮ ውኃው ዳር ይደርሳል።

እኛ ዘንድ ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ1424 በፈጸሙት መጽሐፈ ምሥጢር ሰባልዮስንም አርዮስንም ስም እየጠሩ ይመልሳሉ። ሰውየው ከሞቱ ሺህ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ትላንት እንደተጣሉ አድርገው ነው የሚሞግቱት። ሊቃውንቱ የሚያነቡት ሃይማኖተ አበው የመጣው ደግሞ ከአረብኛ ነው። ይህን ለጅማ ልጆች መንገር ደስ ይለኛል። የግብጽና የሶርያ ክርስቲያኖች ከሙስሊሞች ጋር እየኖሩ፣ በአረብኛ እያሰቡ ስለ ሥላሴ ለዘመናት ጽፈዋል። በ974 የሞተው ያሕያ ኢብን አዲ ባግዳድ ውስጥ ከሙስሊሙ ፈላስፋ ከአል ፋራቢ ተምሮ ስለ አንድነትና ሦስትነት በአረብኛ የጻፈ ክርስቲያን ነው። አረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ሲያማትቡ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብለው «አንድ አምላክ» ይጨምራሉ። እኛም «አሐዱ አምላክ» እንላለን። ጓደኛችሁ «ሦስት አምላክ ነው?» ሲላችሁ መልሱ ከምታማትቡበት ጸሎት ውስጥ አለ። ሳትጣሉ ንገሩት።

ጥያቄ ጀምረናል። ብዙ ተጠየቀ፤ አንዱን ብቻ እዚህ ላስገባ።

አንዲት እህት እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ የሥላሴ ሥዕል ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ይህ ራሱ ሦስት አምላክ አያስመስልም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባችሁ ከመቅደሱ በር በላይ ያለውን አይታችኋል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ፊት አላቸው። ጢማቸው እኩል ነው፣ ሽበታቸው እኩል ነው፣ ልብሳቸው አንድ ነው። ሠዓሊው መለየት አቅቶት አይደለም፤ እዚያው ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑን እየለየ ሥሎ የለም? ሌላ አገር አብን ሽማግሌ፣ ወልድን ጎልማሳ፣ መንፈስ ቅዱስን ርግብ አድርገው ይሥላሉ። የእኛ ሠዓሊ ያን አላደረገም። ወልድን በዕድሜ አሳንሶ ቢሥለው ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ሊባል ነው። ያንን አነጋገር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የአንዱን ጢም ከሌላው አላሳጠረም። ሦስት አምላክ ያስመስላል ለሚልሽ ሰው አራቱን እንስሳ አሳዪው፤ በአራቱ ማዕዘን አንዱን መንበር ነው የተሸከሙት።